በደጋ አገር ስለሚነሣው ብርቱ ነፋስና ሰው ከጉዳቱ ስለሚድንበት ጥንቃቄ

ገበሬ በዐውድማው ላይ እህሉን አበራይቶ በጨረሰ ጊዜ መንሹንና ላይዳውን ይዞ ነፋስን ይጠብቃል። ነፋስ ባይመጣለት ምርቱን ከገለባው ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ነፋስ በልኩ ሲነፍስ የገበሬ ረዳት ነው፤ ደመናን ያመጣል፤ የረጠበውን ያደርቃል፤ የጎጆውን ጢስ ያወጣል። ነገር ግን ይኸው ረዳት ከልኩ ባለፈ ጊዜ የቤትን ክዳን ገልጦ ይወስዳል፤ ዛፍን ከነሥሩ ይነቅላል፤ እረኛን ከገደል አፋፍ ይጥላል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው፥ ከልክ ያለፈው ነፋስ በተራራ አገር ስለ ምን እንደሚበረታ፥ ሰውንም በምን መንገድ እንደሚጎዳ፥ መምህራንና የአገር ሽማግሎችም አስቀድመው ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ነፋስ በራሱ ሰውን የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ነፋሱ የጣለው ዛፍ፥ ያነሣው ቆርቆሮ፥ የገፋው ግድግዳ፥ የበጠሰው የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ ያራገበው እሳት ነው። እነዚህም ሁሉ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት በሰው ዓይን ፊት የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ከነፋስ ጉዳት የመዳን ሥራ የሚበዛው አየሩ ጸጥ ባለበት ቀን ነው እንጂ በወጀቡ ሰዓት አይደለም። በወጀቡ ሰዓት ለሰው የሚቀረው የት እንደሚቆም ማወቅ ብቻ ነው።

ነፋስ በተራራ ላይ ስለ ምን ይበረታል

ወንዝ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲሄድ ዝግ ይላል፤ በሁለት ዐለት መካከል በጠበበ ጊዜ ግን ይፈጥናል። አየርም እንዲሁ ነው። በሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሲሄድ የነበረው ነፋስ ሸንተረር ያገኘው እንደ ሆነ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ በጫፉም ላይ ሲያልፍ ተጨምቆ ይፈጥናል። በሸንተረር ጫፍ ላይ ያለው ነፋስ ከተራራው ግርጌ ካለው ይልቅ ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። በሁለት ተራራ መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያም እንዲሁ ነፋስን ያፈጥናል። አባቶች እንዲህ ያለውን መተላለፊያ «በር» ብለው መሰየማቸው እጅግ የተስማማ ነው፤ ለመንገደኛ በር የሆነው ስፍራ ለነፋስም በር ነውና። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከደብረ ሲና በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን ሲያልፍ፥ ከቆላው ገደል ሽቅብ የሚመጣው ነፋስና ጉም ፊቱን ሲመታው ይህን ነገር ያለ መምህር ይረዳዋል።

ደግሞም በሜዳና በሸለቆ ያለው ዛፍ፥ ኮረብታና ቤት ነፋስን እያሻሸ ያደክመዋል። በከፍታ ላይ ግን የሚያደክመው ነገር ጥቂት ነው። በባሌ ያለው የሳነቴ አምባ በ4,000 ሜትር ከፍታ ዛፍ ሳይኖርበት ተዘርግቶ ስለሚገኝ ነፋሱ ምንም ሳያግደው ያልፍበታል። ይህን የደጋ ነፋስ ለጥቅም ማዋል እንደሚቻል ለማየት የሚወድ ሰው በመቀሌ አጠገብ ወዳለው ወደ አሸጎዳ ቢሄድ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀውንና የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት 84 የነፋስ መዘውሮች የተተከሉበትን ስፍራ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን የነፋስን ብርታት አይወስነውም። በአሜሪካ አገር በኒው ሃምፕሺር ግዛት ዋሽንግተን የሚባል ተራራ አለ፤ ከፍታው 1,917 ሜትር ብቻ ሲሆን ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው። ነገር ግን ነፋሶች በሚገናኙበት መንገድ ላይ ስለ ቆመና መልኩም ነፋስን ስለሚያጠብብ፥ ሚያዝያ 4 ቀን 1926 ዓ.ም. በዚያ ጫፍ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ተለክቷል። እንግዲህ አንድ መንደር ከፍ ያለ ስላልሆነ ብቻ ከነፋስ የተጠበቀ አይባልም። የመንደሩ አቀማመጥ፥ ይኸውም በሸንተረር አናት ነው ወይስ በጥግ፥ በበር አፍ ነው ወይስ በሸለቆ ጎን የሚለው ጥያቄ ከከፍታው ቁጥር ይበልጣል። ከቀጥ ያለ ገደል በታች ያለውም ስፍራ ሁልጊዜ ጥግ አይሆንም፤ ገደሉን የዘለለው ነፋስ በግርጌው ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፥ በዚያ የተሠራ ቤት ከወዲያና ከወዲህ ይናወጣል።

የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በ3,000 ሜትር ከፍታ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ያገኘውን የ1 ካሬ ሜትር ሳንቃ በ9 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋዋል። ያው ነፋስ ፍጥነቱ 100 ኪሎ ሜትር የሆነ እንደ ሆነ ግፊቱ 36 ኪሎ ያህል ይሆናል። በዚያ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ በእኩል ፍጥነት ሲነፍስ ግፊቱ በዚያው ልክ ያንሳል፤ በሸንተረር ላይ የሚጨመረው ፍጥነት ግን ይህን ቅናሽ ወስዶ ይተርፈዋል።

ስለ ነፋስ ጊዜና ስለ ምልክቱ

በደጋው አገር የሚጎዳው ነፋስ አንድ ዓይነት አይደለም። በበጋ ወራት፥ ይኸውም ከጥቅምት ወር ጀምሮ፥ ከምሥራቅ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ቀኑን ሙሉ አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱን ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ በድንገት አይመጣም፤ ጉዳቱም በብርድና በእሳት ይበልጣል። በበልግና በክረምት መግቢያ የሚነሣው ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ምድሪቱን ስታሞቅ ከዋለች በኋላ፥ ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ፥ የነጐድጓድ ደመና ይቆለላል። ከዚያ ደመና ዝናብና በረዶ ሲወርድ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየርም ከባድ ስለ ሆነ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ምድርን በመታ ጊዜም በደረቅ መሬት ላይ እንደ ተደፋ ውሃ በየወገኑ ይበተናል። ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ እያስነሣ የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ይህ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ሆኖም ክዳን ለመግለጥ ይበቃል።

ምልክቶቹን ሽማግሎች ያውቋቸዋል፤ ልጆችም ሊማሯቸው ይገባል። ከበታቹ የጠቈረ ከጫፉ ግን ነጭ ሆኖ እንደ ግንብ የቆመ ደመና አንዱ ነው። ሙቀቱ በድንገት ተለውጦ ቀዝቃዛ ሽውታ ፊትን የነካ እንደ ሆነ፥ ነፋሱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ከሌላ ወገን ዞሮ የመጣ እንደ ሆነ፥ ከሩቅም የአቧራ ግድግዳ እየቀረበ የታየ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ የቀረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በራዲዮ የሚያስነግረው ማስጠንቀቂያ ስለ ሰፊ አገር ስለ ሆነ፥ ከአንድ ተራራ ወዲህና ወዲያ ያለውን ልዩነት ለይቶ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ራዲዮኑ ሲያስጠነቅቅ ደመናን ማየት ይጨመርበታል እንጂ አይቀርም።

የነፋስን ብርታት ያለ መሣሪያ ለመገመት፥ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረ ፍራንሲስ ቦፎርት የሚባል መኮንን በ1805 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሰናዳው መለኪያ አለ። መጀመሪያ ለመርከበኞች የተሠራ ቢሆንም በኋላ ለየብስ እንዲስማማ ተደርጓል። በዚህም መለኪያ የዛፍ ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲወዛወዙና ጥላ ለመያዝ ሲያስቸግር የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ነው። ዛፉ በመላው ሲናወጥና በነፋሱ ፊት መራመድ ሲከብድ ከ50 እስከ 61 ይደርሳል። ቀጫጭን ጭራሮ እየተሰበረ ሲወድቅ ከ62 እስከ 74፥ የቤት ክዳን መጎዳት ሲጀምር ከ75 እስከ 88፥ ዛፍ ከሥሩ ሲነቀል ከ89 እስከ 102 ነው። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ቅጥር አንድ ዛፍ መርጦ ተማሪዎቹ በየቀኑ እንዲመለከቱት ቢያደርግ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግምታቸው የታመነ ይሆናል። ጭራሮ መሰበር በጀመረ ጊዜ ማንም በደጅ ሊገኝ አይገባም።

ስለ ቤት ክዳን

ብዙ ሰው ነፋስ ክዳንን ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ነፋስ ክዳንን የሚያነሣው ሽቅብ ስቦ ነው። ነፋሱ ግድግዳውን መትቶ ወደ ላይ ሲወጣና የጣራውን ጠርዝ ዘሎ ሲያልፍ፥ በጣራው ላይ ያለው የአየር ግፊት ያንሳል፤ ከውስጥ ያለው ግፊት ግን እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ጣራው ወደ ላይ ይሳባል። መምህሩ ይህን ለማሳየት ቀጭን የወረቀት ቍራጭ ከታችኛው ከንፈሩ በታች ይዞ በወረቀቱ ላይ እፍ ቢል፥ ተንጠልጥሎ የነበረው ወረቀት ሲነሣ ልጆቹ ያያሉ።

በዚህ ላይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው በር ወይም መስኮት የተከፈተ እንደ ሆነ መከራው ይበዛል። ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ቤቱን እንደ አቅማዳ ይነፋዋል፤ ከላይ የሚስበውና ከውስጥ የሚገፋው ኃይል ይተባበራሉ። አንዳንድ ሰዎች በዐውሎ ነፋስ ጊዜ መስኮት ቢከፈት ግፊቱ ተካክሎ ቤቱ ይድናል ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ብዙ ክዳንም በዚህ ስሕተት ጠፍቷል። በሩና መስኮቱ ሁሉ መዘጋት አለበት፤ መዝጋትም ማለት መግጠም ብቻ አይደለም፤ መቀርቀሪያው ደኅና ሆኖ መወርወሪያውም ከግድግዳው በደንብ የተያያዘ መሆን ይገባዋል። ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት መስኮት በሽቦ ወይም በድንጋይ ተደግፎ ይኖራል፤ ከዚህ የሚጀምር መምህር ከትክክለኛው ቦታ ጀመረ ማለት ነው።

አሁን በሒሳብ ይታይ። ርዝመቱ 8 ሜትር ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ የአንድ ክፍል ጣራ 56 ካሬ ሜትር ነው። ከላይ በተነገረው ልክ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 36 ኪሎ ያህል ሽቅብ የሚስብ ኃይል ቢያርፍበት ጠቅላላው 2,016 ኪሎ፥ ይኸውም 20 ኩንታል ያህል ይሆናል። እንግዲህ ቆርቆሮውን የመታው ሰው ይህን 20 ኩንታል የሚይዝ ሚስማር መትቶ እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል። ጣራ የሚሠራ ሰው ዘወትር የሚያስበው ጣራው ወደ ታች እንዳይወድቅ ነው፤ ወደ ላይ እንዳይሄድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

የቀድሞው ክብ ጎጆ በዚህ ነገር ብልሃት ነበረበት። ግድግዳው ክብ ስለ ሆነ ነፋሱ የሚመታው ሰፊ ፊት አያገኝም፤ በጎንና በጎን ተከፍሎ ያልፋል። ክዳኑም ቀጥ ብሎ የሾለ ስለ ሆነ ሽቅብ የሚስበው ኃይል ዝርግ ከሆነ ጣራ ያነሰ ነው። ወራጁ ከምሰሶው ጋራ፥ ማገሩም ከወራጁ ጋራ በልጥና በጠፍር ተጠፍሮ ስለሚያያዝ፥ አንዱ ሲሳብ ሁሉም ይይዙታል። የጎጆ ድካሙ በጉልላቱና በክዳኑ ጫፍ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ቢጠበቁ ሌላው ይጸናል። ቆርቆሮ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ፥ በእሳትም የማይቃጠል ስለ ሆነ ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ማንም ወደ ሣር ክዳን ይመለስ አይባልም። ነገር ግን የቆርቆሮ ቤት የጎጆን ጠፍር በሌላ ነገር መተካት አለበት።

ይኸውም እንዲህ ነው። ቆርቆሮው በሞራሌው ላይ፥ ሞራሌው በወራጁ ላይ፥ ወራጁ በግድግዳው አናት ላይ ባለው አግዳሚ እንጨት፥ አግዳሚው በቋሚው፥ ቋሚውም በመሬት መያዝ አለበት። ከእነዚህ አንዱ የላላ እንደ ሆነ ነፋሱ ከዚያ ይጀምራል። የሚስማሩ ጫፍ ሞራሌውን ዘልቆ እንዲወጣና ከታች እንዲታጠፍ ማድረግ እጅግ ይጠቅማል፤ ያልታጠፈ ሚስማር እንጨቱ በደረቀ ጊዜ ይላላል፤ ነፋሱም በየጊዜው እያወዛወዘ ይነቅለዋል። ብርቱው ስበት ከሁሉ ይልቅ በጣራው ጠርዝ፥ በማዕዘኑና በጫፉ ላይ ስለ ሆነ፥ በእነዚህ ስፍራዎች ያለው የሚስማር ቍጥር በመካከል ካለው እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። ወራጁንና አግዳሚውን፥ አግዳሚውንና ቋሚውን ሚስማር ብቻ ከሚይዛቸው በወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ይገባል። ለአንድ ክፍል የሚበቃው ሽቦ ዋጋው ከአንድ አዲስ ቆርቆሮ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ቋሚውም በመሬት ውስጥ በእርጥበትና በምስጥ የበሰበሰ እንደ ሆነ ከላይ ያለው ሽቦ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ የቋሚውን ሥር ቆፍሮ ማየት ያስፈልጋል።

ታዛው ከዋናው ጣራ ጋራ በአንድ ቆርቆሮ የተያያዘ እንደ ሆነ ነፋሱ ከበታች ገብቶ ታዛውን ሲያነሣ ዋናውንም ይዞ ይነሣል። ታዛው ለብቻው ቢሠራ፥ ታዛው ቢሄድ እንኳ ቤቱ ይቀራል። በብዙ መንደር የሚታየው በቆርቆሮ ላይ ድንጋይ የመጫን ልማድ ግን መልካም አይደለም። ትንሽ ድንጋይ ጣራውን አይይዘውም፤ ትልቁም ጣራው በተናወጠ ጊዜ ተንከባልሎ በበር በሚወጣው ሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ክብደት መጨመር ግድ ከሆነ በጣራው ላይ በተጋደመ ገመድ ወዲያና ወዲህ ከግድግዳው ውጭ ወደ መሬት ተጠግቶ የሚንጠለጠል ድንጋይ ይሻላል፤ የነዶና የጭድ ክምርም እንዲሁ ይታሰራል።

ስለ ዛፍና ስለ እሳት

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን ፈጥኖ ስለሚረዝም፥ በቀጭን አፈር ላይ የበቀለውም ሥሩ ከቁመቱ ጋራ ስለማይመጣጠን፥ በክረምት መሬቱ በረጠበ ጊዜ ነፋስ በቀላሉ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ከቤትና ከትምህርት ቤት ያለው ርቀት ከዛፉ ቁመት የበለጠ መሆን ይገባዋል። 20 ሜትር የሆነ ዛፍ በ10 ሜትር ርቀት የቆመ እንደ ሆነ ጣራውን የሚያገኘው በግማሹ አካሉ ነው። ያዘነበለ፥ ግንዱ የተቦረቦረ፥ በሥሩም ዙሪያ አፈሩ የተሰነጠቀ ዛፍ ከቤት በላይ ካለ ሳይዘገይ ይቈረጥ።

ደግሞም ዛፍ በትክክለኛው ስፍራ ሲቆም የነፋስ ጋሻ ነው። በተራ የተተከለ ዛፍ ከበስተ ኋላው ቁመቱን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ የነፋሱን ኃይል ይቀንሳል። እንደ ግንብ የተደፈነ መከላከያ ግን ነፋሱን አዘልሎ በስተ ኋላው ያዞረዋል፤ ስለዚህ ነፋስ በጥቂቱ የሚያሳልፍ የዛፍ ረድፍ ይበልጣል። ጥድና ወይራ ለዚህ ሥራ የታመኑ ናቸው፤ የሚያዘገየው በማደጋቸው ብቻ ነው። በየደብሩ ቅጥር ያለው የጥድና የወይራ ደን በነፋስ ቀን ምን እንደሚጠቅም በውስጡ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

የበጋ ነፋስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከእሳት ጋራ ሲገናኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በስሜን ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት በደረቁ ሣርና ቍጥቋጦ ላይ በነፋስ እየተራገበ ብዙ ቀን አስቸግሯል፤ ለማጥፋትም ከውጭ አገር እርዳታ እስከ መፈለግ ደርሷል። በመንደርም ነፋስ በበረታበት ሌሊት ምድጃው ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ ማደር አለበት፤ አመድም ከቤት ወጥቶ በደጅ አይደፋ፤ በአመድ ውስጥ የተሸሸገ ፍም ነፋስ ሲያገኘው ይነሣልና። የጭድ ክምር ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን በቤት አጠገብ ሊቆም አይገባም። ለእርሻ የሚቃጠል መሬትም ነፋስ ባለበት ቀን አይለኰስ።

በወጀቡ ሰዓት

ነፋሱ በትምህርት ሰዓት የመጣ እንደ ሆነ የመምህሩ የመጀመሪያ ፈተና ልጆችን ወደ ቤታቸው ይልካቸው ወይስ ያቆያቸው የሚለው ነው። የአቧራው ግድግዳ ከታየ በኋላ መልቀቅ አይገባም፤ ሕንጻው ደካማ ቢሆን እንኳ በመንገድ ላይ ዛፍና ቆርቆሮ ከሚያገኛቸው ተሰብስበው መቆየታቸው ይሻላል። ወላጅ ልጁን ሊወስድ ሮጦ ቢመጣ እርሱም ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆይ። ይህን ነገር ሽማግሎች በመንደር ስብሰባ አስቀድመው ቢያስታውቁ መምህሩ በዚያ ሰዓት ከወላጅ ጋራ ከመከራከር ይድናል። የትምህርት ቤቱ ጣራ የማይታመን መሆኑ ከታወቀ ግን፥ የድንጋይ ግድግዳ ያለው የታመነ ቤት በአቅራቢያው አስቀድሞ ይመረጥ፤ ልጆቹም ምልክቱ ገና በሩቅ ሳለ ወደዚያ ይወሰዱ።

በክፍሉ ውስጥ ከመስኮትና ከበር፥ እንዲሁም ነፋሱ ከሚመታው ረጅም ግድግዳ መራቅ ይገባል። ጠባብ ክፍል ከሰፊ አዳራሽ ይመረጣል። ልጆቹ ጠንካራ ጠረጴዛ ካለ ከበታቹ ገብተው እግሩን ይዘው ራሳቸውን ዝቅ ያድርጉ፤ ከሌለም በውስጠኛው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ራሳቸውን በክንዳቸው ወይም በደብተራቸው ይሸፍኑ። ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ የጀመረ እንደ ሆነ ማንም ሰው በገመድ ወይም በእጁ ሊይዘው አይሞክር። የ20 ኩንታልን ኃይል የሚይዝ እጅ የለም፤ የቆርቆሮ ጠርዝም እንደ ስለት ይቈርጣል። በጣራ ላይ ወጥቶ ሚስማር መምታትማ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

በመንገድ ላይ ያለ ሰው ከሸንተረሩ ጫፍ ወርዶ ነፋሱ ከማይመታው ጎን ይሁን። በገደል አፋፍ በሚያልፍ መንገድ ነፋስ በድንገት ገፍቶ ሲተው ሰውን ሚዛን ያሳጣዋል፤ በዚህ ጊዜ መቀመጥ ወይም በደረት መተኛት ውርደት አይደለም። ጋቢና ጥላ እንደ መርከብ ሸራ ነፋስን ይይዛሉ፤ ጥላው ይታጠፍ፤ ጋቢውም በመቀነት ይታሰር። በበቅሎ የሚሄድ በበር አፍ ወርዶ በገደሉ ተቃራኒ በኩል ሆኖ ይጎትታት። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ስለ ነፋሱም ስለ መብረቁም አደገኛ ነው። የመብረቁ ብልጭታ ከታየበት ጀምሮ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለው ጊዜ በሦስት ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይቈጠራል፤ 30 ሴኮንድ ካልሞላ መብረቁ ቅርብ ነው። ዝናብ ያለ እንደ ሆነም ከነፋስ ለመሸሽ ወደ ጠባብ ወንዝ መግባት ከጎርፍ ጋራ ያገናኛል።

የእረኛ ልጆች ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ነፋስ ከሰውነት ሙቀትን ይሰርቃል። አየሩ 5 ዲግሪ በሆነ ጊዜ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ የተጨመረበት እንደ ሆነ ለፊትና ለእጅ የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል ነው፤ ልብሱ የረጠበ ልጅ ግን ከዚህም የከፋ ያገኘዋል። መንቀጥቀጥ፥ ንግግር መኰላተፍ፥ እግር መሰናከል፥ ከዚያም ያለ ምክንያት እንቅልፍ መምጣት የአደጋው ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከነፋስ ከልሎ፥ የረጠበውን ልብስ አውልቆ፥ በደረቅ ጋቢ ጠቅልሎ፥ ከሌላ ሰው ሰውነት ጋራ አስጠግቶ ማሞቅ ይገባል። አእምሮው ካለና መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለበት ትኩስ መጠጥ ይሰጠው። አረቄ ግን ፈጽሞ አይሰጥ። አረቄ የሞቀውን ደም ወደ ቆዳ እያመጣ የሞቀ ያስመስላል፤ በእውነቱ ግን የውስጡን ሙቀት ለነፋስ አሳልፎ ይሰጣል። ይህን የሚቃወሙ ብዙ ሰዎች በደጋ አገር ይገኛሉ፤ ቢሆንም ነገሩ በሕክምና የተረጋገጠ ነው።

ከነፋሱ በኋላ

ወጀቡ ሲያልፍ ሰው ሁሉ የጎደለውን ለማየት ይሮጣል፤ በዚህ ሩጫም የሚጎዳ ሰው አለ። በግማሽ የተነቀለ ቆርቆሮና በዛፍ ላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ የኋላ ሽውታ ሲመጣ ይወድቃል። በመሬት ላይ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጸጥ ቢልም የሞተ ነው ተብሎ አይታመን፤ ሰውና ከብት ከ10 ሜትር በላይ እንዲርቁ ተደርጎ ጠባቂ ይቁምበት፤ ለሚመለከተውም መሥሪያ ቤት ይነገር እንጂ በእንጨት እንኳ አይነካ። መምህሩ ከምንም ነገር በፊት ልጆቹን በስም መዝገብ ይቍጠር። በዝገት ሚስማር የተወጋ ሰው ቍስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በእንዲህ ያለ ቍስል የሚገባ የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ በመርፌ ይከለከላልና።

ክዳኑ የተወሰደበትን ቤት መንደሩ በደቦ መልሶ ሲሠራ፥ የወደቀውን ቆርቆሮ በዚያው በአሮጌው ቀዳዳ መልሶ መምታት የተለመደ ነው። ይህ የሰፋ ቀዳዳ ሚስማሩን ስለማይይዝ በአዲስ ስፍራ ሊመታ፥ አሮጌውም ቀዳዳ ሊደፈን ይገባል። ወራጁም በዚያው ቀን በሽቦ ይታሰር። መምህሩ ደግሞ በአንድ ደብተር ነፋሱ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፥ የመጣበትን ወገን፥ ከሁሉ አስቀድሞ የተነቀለው የትኛው የጣራ ማዕዘን እንደ ሆነ ይጻፍ። ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተሰበሰበ በኋላ በመስከረም ሽቦና ሚስማር ሲገዛ የትኛው ማዕዘን አስቀድሞ መጠበቅ እንዳለበት ከደብተሩ ይታወቃል።